የስፔኑ ሰው አውራ ዶሮ

ሰውየው ከስፔን ድረስ የመጣው ለድንች ነው። ደብረ ታቦር ውስጥ እኔ እንግሊዝኛ በማስተምርበት ኮሌጅ፣ የድንች ዘር የሚያራቡ ባልደረቦቻችንን እንዲያማክር ለጥቂት ሳምንታት ተጋብዞ ነበር። እኔ ድንችን የማውቀው ወጥ ከሆነ በኋላ ስለሆነ ሥራ አላገናኘንም፤ ያገናኘን የሻይ ሰዓት ነው። ብቻውን ተቀምጦ ሳየው አጠገቡ ቁጭ እልና፣ እንደ ክረምት ካፖርት ከስንት አንዴ የምትወጣውን የወሬ እንግሊዝኛዬን አናፍስበታለሁ።

ዕድሜው ወደ ስልሳ የሚጠጋ፣ ሆዱ ገፋ ያለ፣ ፊቱን ፀሐይ የጠበሰው ሪዛም ሰው ነበር። እንግሊዝኛው ግን ጉድ አደረገኝ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ተማሪዎቼን "እስኩል አትበሉ፣ እስትሪት አትበሉ፣ ፊት ላይ ያለችውን እ ጣሏት" ስል የኖርኩ ሰው ነኝ። እሱ ገና በመጀመሪያው ቀን፣ እስፔን ውስጥ እስሞል እስኩል እንደተማረ ነገረኝ፤ ልክ እንደ ፋርጣ ልጅ። አጠገባችን የተቀመጡት ተማሪዎቼ ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ እ አንስቼ አላውቅም።

አንድ ቀን ቢሮና የሙከራ ማሳ ማየት እንደሰለቸው አጫወተኝ። እሱ የተወለደው ተራራ ላይ በተሰቀለች ትንሽ የድንጋይ መንደር ነው፤ አሁንም የሚኖረው እዚያው ነው። ወደ አገሩ ከመመለሱ በፊት የእኛን አገር እንዲህ ያለች መንደር፣ ትንሽ፣ አሮጌ፣ ከመኪና የራቀች፣ ማየት አማረው። አፌ ከሐሳቤ ቀደመ። የሚስቴ አባት ቤት ጉና ተራራ ብብት ሥር እንደሆነ፣ መንገዱንም እንደ ጓዳዬ እንደማውቀው ነገርኩት።

ማታ ለሚስቴ ስነግራት የምትከትፈውን ሽንኩርት አቆመች።

"መሪው አንተ ነህ?" አለችኝ።

"እኔ ነኝ።"

"ወደ ላይ?"

ነገሩ ወዲህ ነው። እኔ የባሕር ዳር ልጅ ነኝ፤ ለእኔ ዳገት ማለት የፎቅ ደረጃ ነው። እዚያች መንደር የሄድኩት ለሠርጋችን መልስ አንዴ ብቻ ነው፤ ያኔም በሰው መሐል ተገፍቼ እንጂ በራሴ እግር ወጣሁ ለማለት ያስቸግራል። ሚስቴ ራሷ እንዳትመጣ የሆስፒታል ተረኛ ነበረች። ስለዚህ አባቷ ጋ ደወለችና እንግዳ እንደምናመጣ ነገረቻቸው። እሳቸውም እንግዳው በዳገቱ እንዳይደክም በቅሎ እንደሚልኩ አስታወቁ።

መንገዱ ሰላም የነበረበት ሰሞን ነው፤ ዝናቡ ወጥቶ ጥቅምት ገብቷል። ክምር ድንጋይ ከተማ ድረስ በሚኒባስ ሄድን። እዚያ የሚስቴ ታናሽ ወንድም፣ ጎፈሬው የተበጠረ ጎልማሳ፣ ኮርቻዋ በቀይ ክር ያሸበረቀ በቅሎ ይዞ ይጠብቀናል። እሱ ስለ ስፔን የሚያውቀው ኳስ ብቻ ነው፤ ሰላምታውን ሳይጨርስ እንግዳው የትኛውን ቡድን እንደሚደግፍ እንድጠይቅለት ጎተጎተኝ። እንግዳው ኳስ እንደማይወድ ተናገረ። በልጅነቱ የመንደራቸው ኳስ በተመታች ቁጥር ገደል ስለምትገባ፣ ከጨዋታው ይልቅ ፍለጋው ስለሚበዛ፣ ገና ያኔ እንደተወው አስረዳን። የሚስቴ ወንድም ይህ ከተተረጎመለት በኋላ ወደ በቅሎዋ ዞሮ ኮርቻዋን አጠበቀ።

እንግዳው በቅሎዋን አንገቷን ዳሰሳት፣ ከንፈሯን ገልጦ ጥርሷን አየ፣ ጆሮዋ ላይ በቋንቋው የሆነ ነገር አንሾካሾከ። ከዚያ አልቀመጥባትም፣ በእግሬ ነው የምወጣው አለ። ለመንነው፤ እምቢ አለ። ዱላ ተቀብሎ እንደ ፍየል ሽቅብ ተያያዘው። እኔ ተከተልኩ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ትንፋሼ ከሩቅ የሚሰማ ሆነ። የሚስቴ ወንድም ይህን ሰምቷል፤ ግን ጨዋ ልጅ ስለሆነ ፊቱን ወደ ሸለቆው አዞረና እንዲህ አለኝ፦

"ጋሼ፣ በቅሎዋ ባዶዋን ስትሄድ ብርድ ይመታታል።"

እንግዲህ ለበቅሎዋ ጤና ስል ወጣሁባት።

ወደ መንደሩ ስንቃረብ ብርዱ በረታ። የሚስቴ ወንድም ጋቢውን ለእንግዳው ሰጥቶት፣ መምጣታችንን ሊያበሥር በአቋራጭ ሮጠ። እንግዳው ጋቢውን እስከ ግንባሩ ተከናነበ፤ መንገዱ ጠባብ ስለነበርም በቅሎዋ እንዳትስት ልጓሟን ይዞ ከፊት ከፊት ይመራት ጀመር። እኔ ላይ ሆኜ የፀሐይ መነጽሬን አድርጌ የጉናን ጫፍ አደንቃለሁ። ይህ ሁሉ ከሩቅ ሲታይ ምን እንደሚመስል አንድ አፍታ እንኳ አላሰብኩም።

የአማቴ ግቢ ስንደርስ ጎረቤቱ ሁሉ ተሰልፎ ቆሟል። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። አማቴ፣ ቀጥ ያሉ ቀጭን አዛውንት፣ ነጭ ኩታቸውን አጣፍተው እንግዳውን ለማቀፍ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው መጡ፤ ቀና ሲሉ ያዩት ኮርቻ ላይ የተሰየመ አማቻቸውን ነው። በዚያ አገር አማች በአማቱ ፊት ከበቅሎ ወርዶ፣ አንገቱን ደፍቶ ነው የሚገባው። ያውም ሽበታም ሰው እንደ አሽከር ልጓም አስይዞ መምጣት ከነጭራሹ ያልተሰማ ነው።

በፍጥነት ልወርድ ፈለግሁ። አንዱ እግሬ መሬት ደረሰ፤ ሌላው እርካቡ ውስጥ ቀረ። በቅሎዋ ቤቷን ስላየች ልትቆም አልፈቀደችም። እናም በአንድ እግሬ እየዘለልኩ፣ እልል በሚሉት ሴቶች ፊት ግቢውን ከዳር እስከ ዳር አቋረጥኩ። ሴቶቹ እልልታውን አንዴ ስለጀመሩት የሚያቆሙበት ምክንያት አላገኙም። የሚስቴ ወንድም በቅሎዋን ይዞ እግሬን ሲያላቅቅልኝ መነጽሬ አንድ ጆሮዬ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

"እንግዳው የታሉ?" አሉ አማቴ።

ጋቢ ወደተከናነበው ሰው ጠቆምኩ። እንግዳው ጋቢውን ገለጥ አደረገና ፈገግ አለ። አማቴ እንግዳውን አዩ፤ እኔን አዩ፤ በቅሎዋን አዩ። ከሦስታችን ወጉ ያልጠፋባት እሷ ብቻ እንደሆነች ፊታቸው ላይ አነበብኩ። ከዚያ እንግዳውን ትከሻ ለትከሻ ሳሙትና፣ "ግቡ፣ ብርድ ነው" ብለው ፊት ፊት መሩ።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ልናገር። በእንግሊዝኛ አንተና አንቱ ስለሌለ፣ እንግዳው ከደብረ ታቦር ሲነሳ አንተ ነበር። መንደሩ ሲደርስ ግን አማቴ ሽበት አገር የለውም ብለው አንቱ አሉት፤ ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ሁሉም አንቱ ይለው ነበር። እኔ በዚህ ጽሑፍ እሱ እያልኩ የምቀጥለው ንቄው አይደለም፤ ሁሉንም አንቱ ካልኩ ማን ምን እንዳለ ስለሚጠፋብን ነው።

ቤት ውስጥ እሳት ተያይዟል፣ በግ ታርዷል፣ የገብስ ጠላ ተጠምቋል። የሚስቴ አክስት፣ የአማቴ ታላቅ እህት፣ ባላቸው ከሞተ ወዲህ ወንድማቸው ቤት ነው የሚኖሩት፤ የቤቱ አዛዥም እሳቸው ናቸው። እንግዳውን ከእሳቱ አጠገብ አስቀመጡት፤ እኔን ደግሞ በሩ አጠገብ። በበቅሎዋ ነገር ይሁን በአማችነቴ አላጣራሁም። እንግዳው ያቀረቡለትን ሁሉ በላ። ጠላውን አሽትቶ ጠጣና ዋንጫውን መልሶ ዘረጋ። አክስትየው፣ ይኼ ሰው በእርግጥ ፈረንጅ መሆኑን አጣርቻለሁ ወይ ብለው ጠየቁኝ።

ከጎረቤት ከተጠሩት መሐል በሽምግልና ስማቸው እስከ እብናት የሚጠራ አንድ አዛውንት ነበሩ። ጨዋታው ሞቅ ሲል አማቴ፣ ሬዲዮ ከጆሯቸው የማይለይ ስለሆኑ፣ ስፔን ማለት ያ በሬ የሚወጉበት አገር እንዳይሆን ብለው ጠየቁ። ጎረቤቶቹ ሁሉ ወደ እንግዳው ዞሩ። ያለ በሬ እርሻ በሌለበት አገር ይህ እንደ ቀላል ወሬ የሚታለፍ አይደለም። ተረጎምኩለት። እንግዳው በአንዳንድ ከተማ እንዲያ እንደሚደረግ፣ በእሱ መንደር ግን በግና ፍየል እንጂ ይህ እንደሌለ፣ ልጅ ሆኖ አንዴ ብቻ አይቶ ዳግመኛ እንዳልሄደ ተናገረ።

ሽማግሌው ዋንጫቸውን አስቀመጡና ጋቢያቸውን አስተካከሉ። እሳቸው ጋቢያቸውን ሲያስተካክሉ ችሎት ተከፈተ ማለት እንደሆነ በኋላ ነው የገባኝ።

"በሬው ምን አድርጎ ነው?" አሉ።

ጠየቅሁት። ምንም አላደረገም።

"የሰው አዝመራ ገብቷል? ሕፃን ረግጧል?"

አልገባም፣ አልረገጠም።

"ሰውየውስ ምን ያደርጋል?"

እንግዳው ብድግ አለና የእጅ ማድረቂያውን ፎጣ አንስቶ እየወዘወዘ አሳየ። ጨርቁ ቀይ እንደሆነ እኔ ጨመርኩ።

"ጨርቁ የማን ነው?"

"የሰውየው ነው።"

"ሄዶ በሬው ፊት የዘረጋውስ?"

"ሰውየው ራሱ።"

"እንግዲያ ነገር ፈላጊው ታውቋል" አሉ ሽማግሌው፤ ጎረቤቶቹም በአንድ ድምፅ እውነት ነው አሉ። ፍርዱ ብዙ አልቆየም። ሰውየው ጨርቁን ጠቅልሎ ቤቱ ያስቀምጥ፤ ለበሬው ደግሞ አንድ ሸክም ድርቆሽና ጨው ካሳ ይክፈል። በሬው ከሞተ በኋላ ከሆነስ ብሎ የሚስቴ ወንድም ጠየቀ። ለዘመዶቹ ይሰጣል ተባለ።

ይህን ስተረጉም ካሳ የሚለው ቃል በእንግሊዝኛ ከአፌ ጠፋ። በአማቴ ፊት አላውቀውም ማለት ስላልፈለግሁ በቅርብ ያገኘሁትን ቃል አነሳሁ፤ እሱም ጡረታ ነበር። እንግዳው፣ እነዚህ ሰዎች ለበሬ ጡረታ ፈረዱ ብሎ ከልቡ ተደነቀ። በአገሩ ለሰው እንኳ ጡረታው እንደማይበቃ ተናገረና እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ለሽማግሌው ጎንበስ አለ። ሽማግሌው ፍርዳቸው ባሕር ተሻግሮ መከበሩን አይተው ዋንጫቸውን አነሱ። እኔም ሁለቱም ወገን ደስ ካለው ምን አገባኝ ብዬ ቃሉን ሳላርም ጠላዬን ጠጣሁ።

ከምሳ በኋላ እንግዳው በጎቹን ማየት ፈለገ። አማቴ ይዘውት ወጡ። እኔም ልነሳ ስል፣ በቅሎዋ ወገቤን እንደ እንጨት አድርቃው ስለነበር፣ ያለ አስተርጓሚ ምን ሊነጋገሩ ነው ብዬ ወዲያው እንደሚመለሱ አስቤ ወደ እሳቱ ጠጋ አልኩ። በዚህ መሐል የጉና ጉም ወረደ። ጉም ስል የባሕር ዳሩን የማለዳ ጭጋግ እንዳታስቡ። በሩ ላይ ቆሜ እጄን ብዘረጋ ጣቶቼ አይታዩም። ሁለቱ ሰዎች ግን አልተመለሱም።

አክስትየው እሳቱን እየቆሰቆሱ፣ ማንን እንደሆነ ሳይናገሩ፣ የሰው እንግዳ ይዞ መጥቶ እሳት የሚሞቅ ሰው ገጥሟቸው እንደማያውቅ ተናገሩ። ገባኝ። ጃኬቴን ቆልፌ ወጣሁ።

ከግቢው ወጥቼ ትንሽ እንደሄድኩ ቤቱ የት እንደሆነ ጠፋኝ። በእንግሊዝኛ ሄሎ ብዬ ተጣራሁ። ከጉሙ ውስጥ አንድ ሰው አሳለ። ወፍራም፣ የሽማግሌ ሳል ነው። ደህና ነህ ወይ አልኩት፤ መልሶ አሳለ። ብርድ መትቶሃል፣ እዚያው ቁም፣ እየመጣሁ ነው አልኩት። ስቀርብ የድንጋይ ካብ አገኘሁ፤ እስከ ደረቴ ይደርሳል። የሚያስለው ከካቡ ወዲያ ስለሆነ፣ ካቡን በእጄ እየዳበስኩ በሩን ፍለጋ ተከተልኩት። እሾህ የተዘጋበት አንድ በር አገኘሁ፤ ይህ የሌላ ሰው ቤት ነው ብዬ አለፍኩት። ካቡ ቀጠለ። ሌላ በር አገኘሁ፤ እሱም በእሾህ ተዘግቷል። አልፌው ሄሎ እያልኩ ቀጠልኩ። ሦስተኛ በር ሳገኝ መንደሩ ለካ ይህን ያህል ትልቅ ነው ብዬ ተገረምኩ፤ የሰዎቹ አጥር አሠራር ደግሞ ቁርጥ አንድ ዓይነት ነው። መሐል መሐል ላይ ያ ሰው ያስላል፤ እኔም በእንግሊዝኛ አጽናናዋለሁ።

ብዙ ከሄድኩ በኋላ ድካሙም ጭንቀቱም አሸነፈኝና ካቡን ተደግፌ ቆምኩ። ያኔ በጣም ቅርብ፣ ከካቡ ወዲያ፣ የአማቴ ድምፅ መጣ።

"ጨረስክ?" አሉኝ በለሆሳስ።

"ምኑን?"

"ዑደቱን።"

ጉሙ ሳሳ ሲል አየኋቸው። ካቡ የበጎች በረት ነው፤ ድፍን ክብ። በሩም አንድ ብቻ ነው። አማቴና እንግዳው መሐሉ ላይ ከበጎቹ ጋር ቆመዋል፤ ሁለቱም ባርኔጣቸውን አውልቀው በእጃቸው ይዘዋል። እንደ ታቦት አጃቢ ዙሪያውን እየተመላለስኩ ድምፄን ከፍ ዝቅ ሳደርግ፣ አማቴ የተሳልኩት ስለት ያለብኝ፣ ጸሎቴንም በተማርኩበት ቋንቋ የማደርስ መስሏቸው ነበር። እንግዳው መጀመሪያ ሊጠራኝ አፉን ሲከፍት፣ ጸሎት አይቋረጥም ብለው ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው ዝም አሰኙት። እሱም ነገሩን የአገሩ ወግ ነው ብሎ ባርኔጣውን አወለቀ። ያ የሚያስለው ሰውዬ ደግሞ አንዲት አሮጊት በግ ነበረች፤ አሁንም ዓይኗን ከእኔ ላይ አልነቀለችም።

አማቴ እውነቱን ስነግራቸው አልሳቁም። አማቼን አላሳፍር ብለው ይመስለኛል፣ ፊታቸውን ወደ በጎቹ አዙረው ትከሻቸው እስኪረጋጋ ቆዩ። እንግዳው ግን ምን እንደሆነ ሲገባው ካቡ ላይ ተደፍቶ ሳቀ፤ ያን ጊዜ አማቴም መያዝ አቃታቸው። ሁለቱ ተቃቅፈው ሲስቁ አይቼ፣ ያለ እኔ ምን ሊነጋገሩ ነው ያልኩት ትዝ አለኝ። አማቴ በአማርኛ፣ እሱ በስፔን ቋንቋው፣ እጃቸውን እያወራጩ ስለ በግ ጥርስ፣ ስለ ሱፍና ስለ ቀበሮ ተጫውተው ጨርሰዋል። አማቴ እንዲያውም እንግዳው የሚናገረው ከእኔ ይልቅ ግልጥ ነው አሉ።

ጉሙ ስላልለቀቀ እዚያው አደርን። ለእንግዳውና ለእኔ መደቡ ላይ አጎዛ ተነጠፈልን። ከራሳችን በላይ ከግድግዳ ግድግዳ በተጋደመው ቆጥ ላይ የአክስትየው ዶሮዎች ይተኛሉ፤ ለምን እንዳልነገሩኝ አላውቅም።

ገና ጎህ ሲቀድ፣ ከጆሮዬ አንድ ክንድ በማትበልጥ ርቀት ላይ አውራ ዶሮው ጮኸ። ልቤ ቆማ ተመለሰች። ጫማዬን ልወረውርበት እጄን ስሰድ፣ እንግዳው ተነስቶ ተቀምጧል። ብርድ ልብሱን ተከናንቦ፣ ሽቅብ እያየ፣ እንደ ሕፃን ፈገግ ብሏል። ዶሮው ደገመ። እንግዳው ዓይኑን ጠረገ።

በዚያች ማለዳ፣ ትኩስ ቂጣ በቅቤ እየበላን፣ እንግዳው ስለ ራሱ መንደር አወራልን። እኔም ያለፈው ቀን ትምህርት ስለሆነኝ ቃል በቃል ተረጎምኩ። የመንደሩ አብዛኛው ቤት ተቆልፏል። ወጣቱ ከተማ ገብቷል፤ የቀሩት ሽማግሌዎች ናቸው፤ ቄሳቸው እንኳ ከሌላ አገር እየመጣ ከስንት አንዴ ነው የሚቀድሰው። ዶሮ ነበራቸው፤ አንዲት አሮጊት ጎረቤቱ የምታረባው አውራ ዶሮ መንደሩን ሁሉ ይቀሰቅስ ነበር። አንድ የከተማ ሰው ለማረፊያ ብሎ ከተቆለፉት ቤቶች አንዱን ገዛ። ሰነባብቶ፣ ዶሮው እንቅልፍ ነሣኝ ብሎ ለማዘጋጃ ቤቱ አመለከተ። አሮጊቷ ክርክሩ ሲሰለቻት ዶሮዋን ቆላ ላሉት ዘመዶቿ ሰጠች። ከዚያ ወዲህ መንደሩ ዶሮ ሰምቶ አያውቅም።

 አክስትየው ቂጣውን ማገላበጥ ትተው አንድ ነገር ጠየቁ፦

"ከተሜው ታዲያ አሁን ተኛ?"

"የለም" አለ እንግዳው። "አሁን የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ይረብሸኛል ይላል።"

አክስትየው ተነሱ። ወደ ቆጡ ተንጠራርተው አውራ ዶሮውን በክንፉ ያዙት፤ ቀይ፣ ባለ ሎቲ፣ የግቢው ኩራት ነው። እግሮቹን በቁራጭ ጨርቅ አሰሩና እንግዳው ጭን ላይ አስቀመጡለት።

"ይውሰዱ" አሉት። "መንደር ያለ ዶሮ አይነጋለትም።"

እንግዳው ደነገጠ። በአውሮፕላን ዶሮ ይዞ መግባት እንደማይቻል እንዳስረዳ በዓይኑ ለመነኝ። አስረዳሁ። የሚስቴ ወንድም፣ ዶሮ ጨለማ ውስጥ ስለማይጮህ ቦርሳ ውስጥ ቢገባ ማንም አያውቅም አለ። አማቴ ደግሞ አውሮፕላኑ ከሆዱ ሥር ዕቃ መጫኛ እንዳለው ሰምተዋል፤ እዚያ በቆሎ ቢበተንለት ምን ይለዋል አሉ። ክርክሩ ሲረዝም ዶሮው እንግዳው ጭን ላይ ተመቻችቶ ተኛ።

በመጨረሻ እንግዳው እጁን አነሳና ለአክስትየው አንድ ነገር ተናገረ። ስጦታውን ከልቡ ተቀብሏል። ዶሮው ከአሁን በኋላ የእሱ ነው። ግን እዚሁ ይቆይ፤ ተመልሶ እስኪመጣ ድረስ እሳቸው ይጠብቁለት፤ እሱም በዚህ ተራራ ላይ የእኔ የሚለው ነገር እንዳለው እያሰበ ይኑር።

ይህን ሁሉ ወደ አማርኛ ስመልስ ረጅም ንግግር አላስፈለገኝም።

"አደራ ይላሉ" አልኳቸው።

አክስትየው ነጠላቸውን አስተካክለው ቆሙ። አማቴም ቆሙ። አደራ ተቀምጦ አይቀበሉትም። አክስትየው ዶሮውን በሁለት እጃቸው ተቀበሉና፣ ወንድማቸው ምስክር ሆነው፣ እግዚአብሔር ያስችለኝ አሉ። በዚያ ጉዞ ሳላበላሽ የተረጎምኩት ቃል ይኸ አንዱ ሳይሆን አይቀርም፤ ውጤቱን ግን ያኔ አላሰብነውም።

እንግዳው ድንቹን አማክሮ ሲጨርስ ወደ አገሩ ተመለሰ። ዶሮው ቀረ። ገና ደረሰ። አክስትየው ለበዓል ያሰቡት እሱኑ ነበር፤ አሁን ግን የሰው አደራ ነውና ማን ቢላ ያነሣበታል? ከገበያ ሌላ ዶሮ ተገዝቶ ታረደ። ፋሲካም እንዲሁ አለፈ። ዶሮው ነገሩን ሳይገነዘብ አልቀረም ይላሉ አክስትየው፤ ምክንያቱም አረማመዱ ተለውጧል። የተሰጣ ገብስ ላይ ወጥቶ ይበላል፤ እሽ የሚለው የለም። የጎረቤትን ዶሮዎች እየደበደበ ይገባል። አንድ ቀን ውሻ ሲያባርረው መንደሩ ሁሉ ዱላ ይዞ ወጣ፤ ነገ ባለቤቱ ቢመጣ ምን እንመልሳለን ብለው።

በየሳምንቱ ሚስቴ ስልክ ላይ የዶሮውን ጤንነት ትሰማለች፤ እኔ ደግሞ ወደ እንግሊዝኛ መልሼ ለእንግዳው እጽፋለሁ። ከአባቷ ጤና ይልቅ የዶሮው ዜና ይረዝማል። እንግዳው ፎቶ ላክልኝ ሲል የሚስቴ ወንድም በስልኩ አነሳው። አክስትየው ግን ፎቶው ከመላኩ በፊት ማየት አለብኝ ብለው፣ በቀኝ ጎኑ ላባው የሳሳ ስለሆነ ከግራ በኩል እንደገና እንዲነሣ አዘዙ። እንግዳው ፎቶውን አሳትሞ መንደራቸው ውስጥ ሽማግሌዎቹ የሚሰበሰቡበት ጠጅ ቤት መሰል ነገር ግድግዳ ላይ እንደሰቀለው፣ አዛውንቶቹም ሲገቡ ሰላም እንደሚሉት ጻፈልኝ። ይህ ለአማቴ ሲነገራቸው፣ ለዶሮው ማንም እንዳይነግረው አሉ፤ ከዚህ የባሰ ይኮራል።

ባለፈው ወር አዲስ ጣጣ መጣ። ዶሮው ያለባት ግቢ ውስጥ አንዲት ቄብ ጫጩቶች ፈለፈለች። ጫጩቶቹ ቀያይ ናቸው፤ የማን እንደሆኑ ምስክር አያስፈልግም። አክስትየው ደወሉልኝ፤ ለሚስቴ ሳይሆን ለእኔ። አደራው ዶሮውን ብቻ ነው ወይስ የሚወልደውንም ይጨምራል? ጫጩቶቹ የእናታቸው ከሆኑ ቤቱ ውስጥ የፈለገው ሰው ያርዳቸዋል፤ የአባታቸው ከሆኑ ግን የስፔኑ ሰው ናቸውና እጃቸውን ማንሳት አለባቸው። እናም አጣርተህ በግልጥ ቋንቋ ጠይቅልኝ አሉኝ።

አንድ ሙሉ ከሰዓት በኋላ ተቀምጬ ጻፍኩለት። አደራ የሚለውን በእንግሊዝኛ ፈልጌ አጣሁት፤ በመጨረሻ በላቲን ፊደል እንዳለ አስቀመጥኩት፤ ጡረታ እንዳልለው ተጠንቅቄ። መልሱ ገና አልመጣም። አክስትየው ዛሬ ጠዋት እንደነገሩኝ ጫጩቶቹ ላባ አውጥተዋል፤ ከመሐላቸውም አንዱ ለመጮህ ይሞክራል።